ዕልባቱ ዘሌዋውያን ላይ ነው

መስከረም ሲጠባ በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት በር ላይ የምትታደል አንዲት ወረቀት አለች። መጽሐፍ ቅዱስን በአንድ ዓመት ጨርሶ ለማንበብ የወጣች ዕቅድ ናት፤ ፊትና ጀርባዋ በትንንሽ ቁጥሮች የተሞላ፣ ፎቶ ኮፒዋ እንደገና ፎቶ ኮፒ ሲደረግ ግማሹ ቁጥር የደበዘዘባት። ሰዉ ተቀብሎ፣ ለሁለት አጥፎ፣ ዘፍጥረት መጀመሪያ ላይ ይሸጉጣታል። ፓስተሩ ከመድረክ «ዘንድሮ የማይጨርስ ሰው በመካከላችን እንዳይገኝ!» ይላሉ። ጉባኤው «አሜን!» ይላል። ዓመቱን ሙሉ ከሚባሉት አሜኖች ውስጥ እንደዚህኛው የረከሰ አላጋጠመኝም።

ሒሳቡ ሲታይ እኮ አያስፈራም። 66 መጻሕፍት፣ 1189 ምዕራፎች፤ ለ365 ቀን ሲካፈል በቀን ሦስት ምዕራፍ ከትንሽ ፈሪ ነው። ዘፍጥረት 50 ምዕራፍ ስለሆነ ደመራ እስኪለኮስ ያልቃል። ደግሞስ ማን ያቋርጠዋል? ወንድም ወንድሙን የሚሸጥበት፣ አማት አማቹን የሚሸውድበት፣ ከማንኛውም ተከታታይ ድራማ የማያንስ መጽሐፍ ነው። ዘጸአትም ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ሲና እስኪደርስ ድረስ አይጎተትም። ከዚያ በኋላ ግን የድንኳን ሥራ ይጀመራል። ስንት ክንድ ቁመት፣ ስንት ክንድ ወርድ፣ ስንት ቀለበት፣ ስንት መጋረጃ። ከኮንትራክተር በስተቀር ሌላው ማዛጋት ይጀምራል። ጥቅምት በገባ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ምስኪኑ አንባቢ ዘሌዋውያን ምዕራፍ 13 ላይ ቆሞ፣ ካህኑ የቆዳ ቁስል እንዴት እንደሚመረምር ያጠናል። ብርዱም አለ። ማለዳ ተነሥቶ ስለ ቋቁቻ ከማንበብ ብርድ ልብሱን ወደ ላይ መሳብ ይቀላል። ዕልባቱ እዚያው ይከርማል።

ይህን ለማረጋገጥ ማንንም መጠየቅ አያስፈልግም፤ የጎረቤትን መጽሐፍ ቅዱስ በጎኑ ማየት በቂ ነው። የገጾቹ ጠርዝ መጀመሪያው አካባቢ በጣት ወዝ ወይቧል፣ ከዚያ ድንገት ነጭ ይሆናል፤ መዝሙረ ዳዊት ጋ እንደገና ይወይባል፣ ነቢያቱ ጋ ከማተሚያ ቤት የወጡ ዕለት እንደነበሩት ናቸው።

ደግነቱ እኛ ጳጉሜን አለችን። ዕቅዱ የተቀዳው ከፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ ዐሥራ ሁለት ወር ብቻ ነው ያለው፤ ወደ እኛ ዘመን መቁጠሪያ የገለበጠው ሰው ጳጉሜንን ምን እንደሚያደርጋት ሲጨነቅ ቆይቶ «ወደ ኋላ የቀሩ የሚደርሱባት» ብሎ ተገላገለ። ስለዚህ ከዘሌዋውያን እስከ ራእይ ያለውን መንገድ በአምስት ቀን፣ ዘመነ ሉቃስ ከሆነ ደግሞ በስድስት ቀን የሚጨርሱ ጀግኖች ተፈጠሩ። እንዴት? በስልክ። በድምፅ የተቀዳውን መጽሐፍ ቅዱስ ጆሯቸው ላይ ሰክተው፣ ፍጥነቱን እጥፍ አድርገው ታክሲ ውስጥ ይገባሉ። ከመገናኛ ተነሥተው ሜክሲኮ ሳይደርሱ ሰቆቃወ ኤርምያስ አምስቱም ምዕራፍ ያልቃል። ነቢዩ በዚያ ፍጥነት ሲያለቅስ የሰማ ሰው የሚያለቅስ ሳይሆን የሎተሪ ዕጣ የሚያወጣ ይመስለዋል። ሰውዬው ግን ወረቀቱ ላይ ምልክት አድርጓል። ጨርሷል።

ከእነዚህ ዕቅዶች ሁሉ በጣም የታወቀውን ያወጣው ሮበርት ማሪ ማክቼይን የተባለ፣ በስኮትላንድ ዳንዲ ከተማ የቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ወጣት አገልጋይ ነው። በአውሮፓውያን 1842 መጨረሻ ላይ ለምእመናኑ በቀን አራት ንባብ መደበላቸው፤ በዓመት ብሉይን አንድ ጊዜ፣ አዲስ ኪዳንንና መዝሙራትን ሁለት ሁለት ጊዜ። የመጀመሪያው ቀን ዘፍጥረት 1፣ ዕዝራ 1፣ ማቴዎስ 1፣ ሐዋርያት ሥራ 1 ነው፤ ሁሉም ነገር የሚጀምርበት ቀን። ታዲያ ማክቼይን የዋህ አልነበረም። ከዕቅዱ ፊት አደጋዎቹን ዘርዝሯል፦ ንባቡ ልማድ ብቻ ሆኖ ሊቀር ይችላል፣ አንባቢውን «እኔ እኮ» ሊያሰኘው ይችላል፣ ለመጨረስ ሲባል በግዴለሽነት ሊነበብ ይችላል፣ ደካማውን ከአቅሙ በላይ የሆነ ቀንበር ሊጭንበት ይችላል። ይህ ገጽ እስካሁን በማንም ቤተ ክርስቲያን ፎቶ ኮፒ ተደርጎ ሲታደል አላየሁም። የሚባዛው ቁጥሩ ብቻ ነው። ማክቼይን ራሱ በ1843 መጋቢት ውስጥ፣ ገና በ29 ዓመቱ፣ በታይፈስ ሞተ። ዕቅዱን ላለመጨረስ አጥጋቢ ምክንያት ያለው ሰው እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

የምእመኑ ይሁን፤ የሚያስገርመኝ የአገልጋዩ ንባብ ነው። ፓስተር ለራሱ ማንበብ አይችልም። በሙያው የተነሣ ተበላሽቷል ብል ይሻላል። ማለዳ ተነሥቶ፣ በሩን ዘግቶ፣ «ዛሬ ለነፍሴ ነው» ብሎ ይቀመጣል፤ ሦስተኛው ቁጥር ላይ ሳይደርስ እጁ እስክሪብቶ ይፈልጋል። ተግሣጽ ባገኘ ቁጥር ልቡ ወደ መዘምራኑ ይሄዳል። ስለ ሐሜት ካነበበ የሴቶች ኅብረት ትዝ ይለዋል፤ ስለ ገንዘብ ፍቅር ካነበበ ግንባታ ኮሚቴው። ማጽናኛ ሲሆን ብቻ የራሱ ያደርገዋል። ንባቡ በተመሳሳይ ወረቀት ስለሚመራም፣ ማቴዎስ 23 በሚነበብበት ማለዳ የአንዱ ሰፈር ፓስተር ግብዞች ስለተባሉት ፈሪሳውያን እያነበበ «ይሄ እኮ ቁርጥ ያ ከማዶ ያለው ሰውዬ ነው» ይላል። ከማዶ ያለውም በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ምዕራፍ፣ በዚያው እስክሪብቶ ከሥሩ እያሰመረ፣ እሱን እያሰበ ነው።

በዚህ ላይ የመጽሐፍ ቁጥር አለ። ዘንድሮ አገልጋዮች በዓመት 52 መጽሐፍ ለማንበብ ይሳላሉ፤ በሳምንት አንድ መሆኑ ነው። ቴሌግራም ይባረክና መጽሐፉን ማግኘት አይቸግርም፤ በአንድ ምሽት አርባ ፒዲኤፍ ይላካል፣ ከሥሩ «የግድ መነበብ ያለበት!» ይባላል፣ ላኪውም ተቀባዩም ሳይከፍቱት ለሌላ ያስተላልፉታል። ስልኩ ሞላ ብሎ እስኪጮህ ድረስ ሊቅ እንሆናለን። ጆናታን ኤድዋርድስ ሃያ ዓመት ሳይሞላው 70 ውሳኔዎች ጽፎ ነበር ተብሎ በየሥልጠናው ይነገራል፤ እውነት ነው፣ በ1722 እና በ1723 ነው የጻፋቸው። በሳምንት አንድ ጊዜ እንደገና ሊያነባቸው እንደወሰነ ግን አሠልጣኙ አይነግረንም። የእኛ አገልጋይ የዓመቱን ዕቅድ መስከረም ላይ ማስታወሻ ደብተር ውስጥ ይጽፋል፦ በሌሊት መነሣት፣ ረቡዕ ረቡዕ መጾም፣ 52 መጽሐፍ፣ ክብደት መቀነስ። (ጾሙና ክብደቱ ጎን ለጎን መጻፋቸውን እግዚአብሔር አላየም ማለት አይቻልም።) ደብተሩ የሚገኘው በሚቀጥለው ጳጉሜን ቤት ሲጠረግ ነው፤ ዕቅዱም ምንም ሳይነካ፣ ዓመተ ምሕረቱ ብቻ ተሰርዞ ይገለበጣል።

ከአጥር ማዶ ያሉት አባት ደግሞ ወረቀት የላቸውም። ዳዊታቸው ለሰባቱ ዕለታት ተከፋፍሎ የተሰጠ ስለሆነ፣ የሰኞውን ሰኞ፣ የማክሰኞውን ማክሰኞ ይደግማሉ፤ ሳምንቱ ሲዞር ዳዊቱም አብሮ ይዞራል። «አባባ፣ እስካሁን ስንቴ ጨረሱት?» ብሎ የሚጠይቃቸው ቢገኝ ስንት ምሳ እንደበሉ የተጠየቁ ያህል ይገረማሉ። እርሳቸውም ቢሆኑ ግን ንጹሕ አይደሉም። መዝሙሩ መሐል ላይ ጣታቸውን ቁጥሩ ላይ አድርገው፣ «አንቺ! ዶሮዋ ጤፉን ልትጨርሰው ነው፣ አታባርሪያትም?» ብለው ይጮሁና፣ ሳይተነፍሱ ግእዙን ካቆሙበት ይቀጥላሉ።

ሁሉም ነገር ሲያቅት ለዓመቱ ስም ማውጣት ይመጣል። የአገሩ ባሕረ ሐሳብ ለእያንዳንዱ ዓመት ማቴዎስ፣ ማርቆስ፣ ሉቃስ፣ ዮሐንስ እያለ ስም ሰጥቶ ነበር፤ አልበቃንም። በዋዜማው ሌሊት «የመከናወን ዓመት»፣ «የመስፋት ዓመት»፣ «የመውረስ ዓመት» ተብሎ ይታወጃል፣ ባነር ይታተማል፣ ከመድረኩ ጀርባ ይሰቀላል። ባነሩ ጠንካራ ስለሆነ ከዓመቱ በላይ ይኖራል። የአምናው «መከናወን» ዛሬ የድምፅ መሣሪያውን ከአቧራ ይሸፍናል፤ የካቻምናው «መስፋት» በክረምት የጥበቃውን ቤት ጣራ ከፍሳሽ ይከላከላል፤ ከሁሉም ይልቅ የተከናወነው እሱ ነው።

ለመጪው ዓመት ስም የሚያወጣው ኮሚቴ ነሐሴ ላይ ተሰብስቦ ነበር። ስሞቹ እያለቁ ስለሆነ ክርክሩ ረዘመ። ዳር ላይ የተቀመጠች አንዲት ወጣት «ለምን 'የማንበብ ዓመት' አንለውም?» አለች። ጥቂት ዝምታ ሆነ። ሰብሳቢው ሐሳቡ መልካም መሆኑን፣ ነገር ግን ሌሊቱን ሲታወጅ እልል እንደማያሰኝ አስረዱ። ገንዘብ ያዡም «ደግሞ ካነበቡ በኋላ ጥያቄ ያመጣሉ» አሉ። ከዚያ ወደ ባነሩ ቀለም ተዛወሩ።