ለሙዚቃ መሣሪያ ቆሻሻ ኤሌክትሪክ የማቅረብ ዘዴ

በኢትዮጵያ ከግድግዳ ሶኬት የሚገኘው ኤሌክትሪክ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ሲሆን (ኸርዝ ማለት በሰከንድ የሚፈጸም የዑደት ቁጥር ነው)፣ ይህን ኃይል በሚገባ አበላሽቶ ውድ አምፕሊፋየር ዘንድ ለማድረስ ትዕግሥት፣ በራስ መተማመንና በተለይም ገንዘብ ያስፈልጋል። ገንዘቡ መዋል ያለበት ግን እንግዳ ሊያየው በሚችለው ነገር ላይ ብቻ ነው።

ድምፅ ዐዋቂ የተባለ ሰው አስቀድሞ ሊገዛ የሚገባው ክር የተጎነጎነበት፣ ጫፉ ወርቅ የተቀባ ወፍራም የኃይል ገመድ ነው። ከግልገል ጊቤ 3 የተነሣው ኃይል በ400 ኪሎ ቮልት መስመር ተራራና ሸለቆ አቋርጦ፣ ደረጃ በደረጃ ወደ 15 ኪሎ ቮልት ወርዶ፣ በሰፈሩ ትራንስፎርመር አልፎ፣ ዝናብ በመጣ ቁጥር ከምሰሶው ላይ በሚንጣጣ ሽቦ ቆጣሪው ዘንድ ከደረሰ በኋላ፣ የመጨረሻዋ አንድ ሜትር ተኩል እንደምታነጻው ማመን ይገባል። ገመዱ መሰካት ያለበትም ቀዳዳው ላልቶ ብልጭ በሚል ርካሽ ዲቫይደር ላይ ሲሆን፣ የላላው ስፒና በታጠፈ ካርቶን ቢደገፍ ይጠብቃል። ፍሪጁም ከዚያው ላይ ቢሰካ ይመረጣል፤ ሞተሩ በተነሣ ቁጥር ስፒከሩ «ጧ» ማለቱ ለሙዚቃው ተጨማሪ ከበሮ ይሆነዋልና። 3500 ዋት የሚወስደው ምጣድ ብቻውን ወደ 16 አምፔር ስለሚስብ፣ እርሱን ከዚሁ መስመር ያገናኘ ሰው እንጀራው በስሎ እስኪያልቅ ድረስ የቮልቴጅ መውረድን ከሳሎኑ አምፖል መደብዘዝ ማንበብ ይችላል።

ስታቢላይዘር የቮልቴጅን መጠን የሚያስተካክል እንጂ የሞገዱን ቅርጽ የሚያጸዳ ዕቃ አይደለም፤ ስለዚህ «ኤሌክትሪኩን አጣርቶልኛል» ብሎ መመስከርና በውስጡ ያለው ትራንስፎርመር የሚረጨው መግነጢሳዊ መስክ እንዲደርሰው ከሸክላ ማጫወቻው መርፌ አጠገብ ማስቀመጥ ነው።

ከአሜሪካ በሻንጣ የመጣ አሮጌ የሸክላ ማጫወቻ ለ120 ቮልትና ለ60 ኸርዝ የተሠራ ነው። ቮልቴጅ ዝቅ የሚያደርግ ትራንስፎርመር ቢገዛለትም ድግግሞሹን አይቀይረውም፤ ሞተሩ የመስመሩን ድግግሞሽ ተከትሎ የሚዞር ዓይነት ከሆነ በደቂቃ 33 ጊዜ ከሲሶ መዞር የነበረበት ሸክላ 28 ጊዜ ያህል ብቻ ይዞራል፣ ጥላሁን ገሠሠም ጉንፋን እንደያዘው ሰው እያጎረነነ ይዘፍናል። ባለቤቱ በዚህ ጊዜ ዓይኑን ጨፍኖ «የድሮ ድምፅ እንዲህ ሞቅ ያለ ነው» ማለት ይጠበቅበታል።

የዘዴው ዋና ክፍል ኧርዝ ነው። ኧርዝ ከመሣሪያው የብረት አካል ተነሥቶ ግቢው ውስጥ ወደ ተቀበረ ዘንግ የሚወርድ ሽቦ ሲሆን፣ ሁለት መሣሪያዎች በተለያየ መንገድ ከመሬት ሲገናኙ በመካከላቸው ቀለበት ይፈጠርና ስፒከሩ «እምምም» ይላል። መሣሪያዎቹን ሁሉ ከአንድ ሶኬት ማገናኘት ይህን ብዙ ጊዜ ያጠፋዋል፤ ነገር ግን ነጻ ስለሆነ ክብር የለውም። ድምፅ ዐዋቂ የሚመርጠው የስፒናውን የኧርዝ ምላሶች በናስትሮ መጠቅለል ነው። እምምታው ወዲያው ይጠፋል፣ እንግዶችም ያደንቃሉ። ኸረ የሰው ያለህ! በዚያ ቤት ሕፃን አለ፤ ውስጥ ያለ አንድ ሽቦ ተልጦ ብረቱን ቢነካ የሚጠብቀው ያ የተጠቀለለው ምላስ ብቻ ነበር፤ ለሙዚቃ ሲባል ብረትን በ220 ቮልት አጥምዶ ሳሎን ማስቀመጥ ከየትኛው ዕውቀት ይቆጠራል? ለማንኛውም፣ ናስትሮው ጥቁር ቢሆን ከመደርደሪያው ቀለም ጋር ይስማማል።

ፊውዝ ሲቃጠል በመዳብ ክር ይተካል፤ ይህ ማብራሪያ አያሻውም።

መብራት ሲጠፋ አምፕሊፋየሩን ማጥፋት አይገባም፤ ድምፁ ከፍ እንዳለ ይቆይና ኃይሉ ከሚመለስበት የመጀመሪያ ቅጽበት ጋር ይጋፈጥ። የሰፈሩ ልጆች «መጣ!» ብለው በሚጮኹበት ሰዓት ከስፒከሩ ሽታ ቢወጣ ጥፋቱ የመብራት ኃይል መሆኑ አስቀድሞ የታወቀ ነው።

ኧርዙ የተነፈገ አምፕሊፋየር ፊቱ በቴስተር ሲነካ የቴስተሩ ትንሽ አምፖል ብዙ ጊዜ ይበራል። ወርቅ ቅቡን ገመድ የገዛው ሰው ግን ቴስተር የለውም።