የበዓል ሽርሽር በአምቦ መስመር፦ አነሳሱ፣ አካሄዱና አለመድረሱ

ሽርሽር ማለት፣ በዚህ ጥናት አገባብ፣ አንድ ቤተሰብ ቤቱ ቁጭ ብሎ ሊበላው ይችል የነበረውን ምግብ በሚኒባስ ጭኖ፣ ሜዳ ላይ ከንፋስና ከዝንብ ጋር እየታገለ በልቶ የሚመለስበት ሥርዓት ነው። ጥናቱ የሚመለከተው ከሳንሱሲ ተነስቶ በአምቦ መንገድ የሚሄደውን ዓይነት ሲሆን፣ የተጓዦቹ ዓላማ ሁለት ነው፦ ታላቅ ታሪካዊ ቤት ማየትና ወይን ጠጅ ከሚጠመቅበት ቦታ ደርሶ መቅመስ።

ሁለቱን አንድ ላይ ያገኘ ሰው አለ። የፕሩሲያው ንጉሥ ዳግማዊ ፍሬድሪክ ፖትስዳም ላይ በ1744 እ.ኤ.አ. ስድስት እርከን አሠርቶ ከፖርቱጋል፣ ከጣሊያንና ከፈረንሳይ የመጣ ወይን አስተከለ። ቤተ መንግሥቱ አናቱ ላይ የተሠራው ከዚያ በኋላ ነው፤ በ1747 አለቀ፤ ሳንሱሲም ተባለ። ንጉሡ ወይን ለማየት በመስኮት ብቅ ማለት ይበቃው ነበር። በአስኮና በቡራዩ መካከል ያለው የእኛው ሳንሱሲ እርከንም ቤተ መንግሥትም የለውም። ነዋሪው ታክሲ ብቻ አለው፤ ስለዚህ ይሄዳል።

ለጥናቱ የተመረጠው ቀን ሚያዝያ 23 ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ዓውደ ዓመት ሲሆን ዘመድ ይመጣል፣ በግ ይታረዳል፣ ከቤት መውጣት ያስወቅሳል። የሠራተኞች ቀን ግን ማንንም ቤት አያስቀምጥም። ፋሲካው ካለፈ ዶሮ ወጥ ይጫናል፤ ዘግይቶ ቀኑ ጾም ላይ ከዋለ ሽሮና ተልባ ይተካል። ሳይንሱ አይለወጥም።

የመነሻ ሰዓት ከሌሊቱ አሥራ ሁለት ነው። ይህ የሚወሰነው በዋዜማው ነው፤ ውሳኔውን የሚያሳልፈው በማግስቱ የመጨረሻ የሚመጣው ሰው ነው። መኪናው የሚንቀሳቀሰው ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ይሆናል። መካከል ላይ ያሉት አራት ሰዓታት ወዴት እንደገቡ ለማወቅ ተሞክሮ ከፊሉ በፀጉር ቤት፣ ከፊሉ የድስቱን ክዳን በጨርቅ ጠፍሮ በማሰር ማለቁ ተረጋግጧል። ኮንትራት የተያዘው ሹፌር በሰዓቱ ይመጣል፤ ሰው ሲሰበሰብ እሱ ነዳጅ ሊቀዳ ሄዷል። ጋቢና «እማማ አመማቸው፣ ንፋስ ይፈልጋሉ» ተብሎ ለእማማ ይለቀቃል። እማማም መስኮቱን ግጥም አድርገው ይዘጉና እስከ ሆለታ ያንቀላፋሉ።

የመጀመሪያው ሰሃን ገፈርሳ ግድብ ሳይደረስ ይከፈታል። «ለልጆቹ ነው» ይባላል። በዚህ መስመር ልጅነት እስከ ሃምሳ ዓመት ይዘልቃል።

አሁን ወደ ታሪካዊው ቤት እንምጣ፤ ጥናቱ ክብደት ያለው እዚህ ጋ ነው። የመስመሩ የመጀመሪያው ታላቅ ተጓዥ ዳግማዊ ምኒልክ ናቸው። አዲስ አበባ በዙሪያዋ ያለው ዛፍ ተቆርጦ የማገዶ እንጨት ሲቸግራት፣ በ1890ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ዋና ከተማውን ወደ ምዕራብ፣ እንጨት ወዳለበት ሊያዛውሩ ቆረጡ። ቦታውን አዲስ ዓለም አሉት፤ ቤተ መንግሥትም ይሠራ ጀመር። የአውሮፓ መንግሥታት ወኪሎች ግን አዲስ አበባ ላይ ብዙ ደክመው ቤት ሠርተው ነበርና ዕቃቸውን እንደገና መሸከም አልወደዱም። በዚያ ላይ ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ በአዲስ አበባ ምድር ፈጥኖ በማደግ ክርክሩን ዘጋው። ከተማው ሳይነሳ ቀረ፤ ቤተ መንግሥቱም ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆኖ እስከ ዛሬ ይቀደስበታል።

ተመራማሪዎች ይህን የማገዶ ታሪክ ይሉታል። በእኛ በኩል የሽርሽር ሕግ ምንጭ አድርገን ወስደነዋል። ንጉሠ ነገሥት ለእንጨት ወጥተው ቤተ ክርስቲያን ሠርተው ከተመለሱበት መንገድ፣ ለወይን ወጥቶ አምቦ ውኃ ጠጥቶ የተመለሰን የሳንሱሲ ሰው የሚከስስ አይገኝም።

አዲስ ዓለም ሲደረስ የተጓዡ ጠባይ ይለወጣል። ነጠላ ይፈለጋል፤ ነጠላው ድስቱ የታሰረበት ሆኖ ይገኛል። ጫማ ይወልቃል። ከእያንዳንዱ ሚኒባስ አንድ የታሪክ አዋቂ አጎት ይወርድና አያቱ ለዚህ ቤት ድንጋይ መሸከማቸውን ይናገራል። ድንጋይ የተሸከሙ አያቶች ሁሉ እውነት ተሸክመው ቢሆን ኖሮ ግንቡ ከሳንሱሲ ቆሞ ይታይ ነበር። ቤተ መዘክሩን እንይ የሚል አንድ ወጣት አይጠፋም፤ «ምሳው ይቀዘቅዛል» ተብሎ ይረታል። ምሳው ከሳንሱሲ ጀምሮ ቀዝቃዛ ነው።

አምቦ ላይ ቡድኑ ለሁለት ይከፈላል። ፍል ውኃው ያማለለው ክፍል ይቀራል፤ ስለዚህ ክፍል የሚጠና ነገር የለም፣ ይታጠባል። ሁለተኛው ክፍል ወይኑን አልረሳም። ማስረጃው ጠርሙሱ ነው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ በሠርግ ጠረጴዛ ላይ «ጉደር» የሚል ጽሑፍ ሲያነብ ያደገ ሰው፣ ከአምቦ አለፍ ብሎ ጉደር የሚባል ከተማና ጉደር የሚባል ወንዝ እንዳለ ሲሰማ ሌላ ማስረጃ አይሻም። ይነዳል። ፏፏቴውን ያያል፤ ጥሩ ፏፏቴ ነው። ከዚያ «ፋብሪካው በየት በኩል ነው?» ብሎ ይጠይቃል።

ጉደርን የሚያመርተው በ1936 ዓ.ም. የተመሠረተው አዋሽ ወይን ጠጅ ነው። ፋብሪካዎቹ አዲስ አበባ ውስጥ፣ ልደታና መካኒሳ ናቸው፤ የወይን እርሻው ደግሞ በተቃራኒው አቅጣጫ መርቲ ነው። ተጓዡ ግሮሰሪ ገብቶ አንድ ጠርሙስ ያስከፍታል። ጠርሙሱና ጠጪው በአንድ መንገድ ከአንድ ከተማ መጥተዋል፤ ጠርሙሱ ግን በሰዓቱ ደርሷል።

እርሻውንና ፋብሪካውን አንድ ቦታ ካላየሁ የሚል ቢኖር ዝዋይ፣ የዛሬዋ ባቱ፣ የፈረንሳዩ ካስቴል የተከለው ወይን አለ። ጉማሬና ጅብ እንዳይገባ ዙሪያው ቦይ ተቆፍሯል። ለዘመድ የተቆፈረ ነገር ስለሌለ ስጋት አይግባችሁ። ግን ወደ ደቡብ ነው፤ ከሳንሱሲ ለመድረስ መጀመሪያ አዲስ አበባን ከዳር እስከ ዳር ማቋረጥ ይጠይቃል፤ እሱ ራሱን የቻለ ሽርሽር ነው።

የጥናቱ ምክረ ሐሳብ አጭር ነው። ለቤቱ አዲስ ዓለም ይበቃል፤ ቤተ መዘክሩንም ግቡ፣ ወጣቱን አትርቱት። ለወይኑ ፋብሪካ ግን ታክሲ ይዛችሁ ወደ ልደታ ውረዱ። በሚያዝያ 23 ብቻ አትሂዱ፤ የሠራተኞች ቀን ስለሆነ ሠራተኞቹ አምቦ ናቸው።