ለዋሻው ከሰል ጫኑለት

ሶፍ ዑመር ዋሻ ሊያድሩ ከአዲስ አበባ የተነሡ የተፈጥሮ ወዳጆች ቡልቡላ ላይ ሲወርዱ ማየት ደስ ይላል። አውቶቡሱ ገና ጥጉን ሳይዝ ስፒከሩ መምጣታቸውን ለከተማው ያበሥራል። «ተፈጥሮን እንጠብቅ» የሚል አረንጓዴ ቲሸርት እንደለበሱ በቀጥታ ከአስፋልቱ ዳር ወደተደረደረው ከሰል ይሄዳሉ።

«የግራር ነው?» ይላል አንዱ። ለዛፉ አዝኖ እንዳይመስላችሁ፤ የሌላ እንጨት ከሆነ ጥብሱን ሳያደርስ አመድ ይሆናል ብሎ ነው። ሻጩ አንዱን ጉማጅ ሰብሮ ያሳየዋል። ዋጋ ይቆረጣል፣ ሁለት ማዳበሪያ ከሰል ጣሪያ ላይ ይወጣል። ሻጩን አልወቅስም፤ ደረቱ ላይ ምንም አልጻፈም።

ግራሩ ከየት ተቆረጠ ብሎ መጠየቅ ጨዋታ ማበላሸት ነው። 887 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋው የአብያታ ሻላ ብሔራዊ ፓርክ እዚሁ አጠገብ መሆኑም መቼም አጋጣሚ ነው። ፓርኩ ግራሩ ቢያልቅ እንኳ ስሙ ይቀርለታል፤ ስም ደግሞ ከሰል አይወጣውም። ከዝዋይ ተነሥቶ አብያታን የሚመግበው የቡልቡላ ወንዝም በየመንገዱ በመስኖ ፓምፕ እየተሳበ ሐይቁ ዳርቻውን ለቆ ሸሽቷል። ጨውነቱ ሲበረታ ዓሣው አለቀ፤ በሻላ ደሴቶች ላይ የሚፈለፍሉት ፔሊካኖች ምግብ ፍለጋ ሩቅ መብረር ግድ ሆነባቸው። እነሱም ተጓዥ ሆነዋል፤ የቀራቸው ቲሸርቱ ነው።

ብቻ መንገዱ ረጅም ነው፤ ባሌ ይደረሳል። የወይብ ወንዝ የኖራ ድንጋዩን ስንት ዘመን ሰርስሮ የሠራው፣ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም ዋሻ፣ ሼክ ሶፍ ዑመር እንደተጠለሉበት የሚነገርለት፣ ዛሬም ምእመናን የሚያከብሩት ቦታ ነው። ከ2011 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ጊዜያዊ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ይህን ሁሉ ክብር ባዶ እጅ መጎብኘት ነውር ስለሆነ ጄኔሬተር ይወርዳል፣ ስፒከሩ ይተከላል። ጸጥታ ፍለጋ ይህን ያህል መንገድ ተመጥቶ ጸጥታውን እንዲያው ዝም ብሎ ማለፍ አይሆንማ!

የሌሊት ወፎቹ ቀን ቀን ጣሪያው ላይ ተንጠልጥለው መተኛታቸው የእንግዳ አቀባበል ጉድለት ነውና በባውዛና በፉጨት ይቀሰቀሳሉ፤ ካልበረሩ ቪዲዮው ምን ያምራል? ከጥብሱ የተረፈው ከሰልም አይባክንም። በድንጋይ ዓምዱ ላይ የፍቅረኛ ስም ይጻፍበታል። ባዶው ሃይላንድ ለወይብ ይሰጣል፤ ወንዙ ጠንካራ ነው፣ ይወስደዋል።

ደግነታቸው እዚህ አያበቃም። በክረምት ችግኝ ሊተክሉ ወደ ቡልቡላ ይመለሳሉ፤ የግራር ችግኝ፣ አካፋ፣ ፎቶ አንሺ፣ ሁሉም ተዘጋጅቷል። የዕለቱ ምሳ ጥብስ በመሆኑ ከሰሉ ከአሁኑ ታዟል፤ ቀብዱም ተከፍሏል።