ዓይናማው በዋዥ

ጋይንት ቤተልሔም ድጓ የሚመሰከርበት ደብር ነው። ተማሪው የትም አገር ይማር፣ እዚያ መምህሩ ፊት ቀርቦ ካላስመሰከረ የድጓ መምህር ነኝ ማለት ይከብደዋል።

የኢንተርኔት ፖከር ቤቶችም ምስክር አላቸው አሉ። ካርታው በደንብ መበወዙን የሚመረምር ላቦራቶሪ ይቀጥሩና የምስክር ወረቀቱን ይለጥፋሉ። ሒሳቡን የሚከፍለው ተመስካሪው ራሱ ነው። የቤተልሔም ተማሪ ቁራሽ ለምኖ አዳሪ ስለሆነ ይህ ዘዴ አልታየውም።

52 ካርታ የሚደረደርበት መንገድ ብዛት 68 አሃዝ ያለው ቁጥር ነው። በ1999 እ.ኤ.አ. የተመረመረ አንድ ብወዛ ግን መነሻው የኮምፒውተሩ ሰዓት ሆኖ ተገኘ፤ ከእኩለ ሌሊት ወዲህ ያለፈው ሚሊሰከንድ። ቀኑ ሙሉ ቢቆጠር 86.4 ሚሊዮን ብቻ! መርማሪዎቹ አምስት ካርታ አይተው የሁሉንም እጅ አወቁ። በ2007 እ.ኤ.አ. ደግሞ አብሶሉት ፖከር በተባለው ቤት የሰው የተሸፈነ ካርታ የሚያይ አካውንት ተያዘ። ለካ ዕድለኛ የተባለው ዓይናማ ኖሯል።

«ታዲያ ሁሉም ያጭበረብራሉ?» ትለኝ ይሆናል፣ ወንድሜ። ምን ቸገራቸው? ማንም ይብላ ማንም ይበላ፣ ቤቱ ከመደቡ ድርሻውን ያነሣል። ገንዘብህ እንደ ነፋስ በሕጋዊ መንገድ ይወጣል።

እንከን የለሽ ብወዛ ያየነው አንዴ ነው፤ በ2015 ዓ.ም. መገባደጃ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ። ያን ሰሞን ከስማዳ እስከ እስቴ በስልኩ ዳታ ፖከር የተበላ ልጅ አልነበረም።