ከጎረቤላ የሚቀዘቅዝ ዋሌት

«እትዬ፣ ቢትኮይን ገና ይወጣል።»

«ወዴት ልጄ? ከጎረቤላ በላይ እኮ ያለው ጉም ብቻ ነው።»

በአንኮበር ወረዳ ዋና ከተማ በጎረቤላ አረቄ ቤት ተቀምጦ ስለ ክሪፕቶ አስተያየት የሌለው ሰው ማግኘት ይቸግራል። ክሪፕቶ ያለው ግን አንድ ጎረምሳ ብቻ ነው። ስንት እንዳለው እሱ አይናገርም፤ ስንት እንዳጣ ሌሎቹ ይናገሩለታል። የቤቱ ባለቤት እትዬ ናቸው። በቅሎ የሚነግዱት ጋሼ ከምድጃው አጠገብ፣ መምሬ ጠላቸውን ይዘው ከበሩ አጠገብ፣ ቀንና ዓመተ ምሕረት የማይረሳው መምህር ደግሞ መሃል ላይ ይቀመጣሉ። እኔ ዳር ሆኜ የሰማሁትን እጽፋለሁ፤ ጣልቃ መግባት ሲያምረኝም እገባለሁ።

«መንግሥት ከልክሎታል አይደል?» አሉ ጋሼ።

«ብሔራዊ ባንክ ነው» አለ መምህሩ። «በ2014 ባወጣው መግለጫ የአገሪቱ መገበያያ ብር ነው፣ በክሪፕቶ መገበያየት ሕገ ወጥ ነው ብሏል።»

«ታዲያ ለነዚያ ቢትኮይን አምራች ማሽኖች መብራት የሚሸጠው ማነው?»

«የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል። ያውም በዶላር።»

«አሃ! ጠላ መጠጣት ክልክል፣ ጌሾ መሸጥ ግን ይቻላል በለኛ።»

እዚህ ላይ ለመንግሥት ጥቂት ልሟገትለት። ዶላር የራበው አገር ኃይሉን ለከፈለው ቢሸጥ አልፈርድበትም። ደንበኞቹ በብዛት ከቻይና የመጡ ናቸው፤ አገራቸው ስታባርራቸው ርካሽ መብራት ፍለጋ የወጡ። የካቲት 2016 ላይ የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስ ከሆንግ ኮንጉ ዌስት ዳታ ግሩፕ ጋር የ250 ሚሊዮን ዶላር የመግባቢያ ስምምነት ተፈራርሟል። ወረፋው ሲበዛ ደግሞ ኤሌክትሪክ ኃይል በ2017 ለአዲስ ደንበኛ የሚሆን ኃይል የለኝም አለ። ሙግቴን ጨርሻለሁ፤ ጋሼ ግን አልተረቱም።

«ማሽኖቹ ለመሆኑ ምን ይሠራሉ?» አሉ እትዬ።

«ቁጥር ይገምታሉ። በየአሥር ደቂቃው ገደማ ቀድሞ ያገኘው 3.125 ቢትኮይን ይሸለማል።»

«ቀኑን ሙሉ ሲገምቱ ይውላሉ?»

«ሌሊቱንም ያድራሉ።»

«የኛም ልጅ ሥራው እሱ ነው። እሱ ግን መብራት አይበላም፤ የሚበላው የኔን ቆሎ ነው።»

ልጁ ሳቀ። መሳቁ ደግ ነው፤ ያ የሀምስተሩ ነገር ከመነሳቱ በፊት ነበርና። ሀምስተር ኮምባትን የማያስታውስ ካለ፣ በ2016 ክረምት በየታክሲው፣ በየግቢው፣ በየካፌው ወጣቱ ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ስልኩን በጣቱ ሲደበድብ የከረመበት የቴሌግራም ጨዋታ ነው። ባለቤቶቹ ተጫዋቾቻችን 300 ሚሊዮን ደርሰዋል ይሉ ነበር። ሳንቲሙ የታደለው መስከረም 16 ቀን 2017 በኛ አቆጣጠር ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ነው። አዎ፣ የደመራ ዕለት። ከተጫዋቹ ግማሽ የማይሞላው፣ 131 ሚሊዮኑ፣ ይገባዋል ተባለ፤ 2.3 ሚሊዮኑ አጭበርባሪ ተብሎ ተባረረ።

«እኛ ችቦ ስንለኩስ አንተ ምን ትጠብቅ ነበር?» አሉ መምሬ።

«ዶላር።»

«ደረሰህ?»

«ደረሰኝ። ለሞባይል ጥቅል ይበቃል።»

«ደመራ ሲነድ በየት በኩል እንደሚወድቅ እናያለን። ያንተስ በየት በኩል ወደቀ?»

«ቁልቁል፣ መምሬ።»

ይህን መልስ ለልጁ አደንቅለታለሁ። ጣት ብቻ ነው የከፈልኩት ይላል፤ እኔ ግን አልስማማም። በጣቱ ያተረፉት ማስታወቂያ አስነጋሪዎች ናቸው፤ ክረምቱን ሙሉ ይህን ቪዲዮ ክፈት፣ ያንን ቻናል ተከተል ሲባል የኖረው ለእነሱ ነው። ዳታውንም የገዛው በራሱ ብር ነው።

ልጁን አትናቁት፤ እሱም ምላስ አለው። እትዬ «ብርህን በብርነቱ አስቀምጥ» ሲሉት ቀና አለ።

«ላስቀምጥ? ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሩ ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። ወር ሳይሞላው መቶን አለፈ። እኔ ሀምስተር ላይ ጣቴን ነው የከሰርኩት፤ እርስዎ ፍራሽ ሥር ተኝተውበት የከሰሩትን ይንገሩን።»

እትዬ መልስ አጡ። እኔ ከዚያ በፊት እትዬን መልስ ሲያጡ አይቼ አላውቅም። መምህሩ ደግሞ በቁስሉ ላይ ጨመረበት፤ መስከረም 2013 የብር ኖት ሲቀየር ፍራሹን ገልብጦ ባንክ ለባንክ የሮጠውን ሁሉ አስታወሰ። ልጁ ወገቡን ይዞ፣ የአክስቱ ልጅ ከቤሩት በዩኤስዲቲ፣ በዶላር ልክ በሚመነዘረው ክሪፕቶ፣ የምትልከው በደቂቃ እንደሚደርስ ነገረን። እውነቱን ነው፤ ሰው ወደዚህ ነገር የሚሄደው ሁልጊዜ በስግብግብነት አይደለም። የሚሸሸው ነገር ስላለም ነው።

ግን ጋሼ ነጋዴ ናቸው። ነጋዴ ደግሞ መግቢያውን አይጠይቅም።

«ስትወጣስ ስንት ይቆርጡሃል?»

«ኢምንት ነው ጋሼ። 0.1 በመቶ።»

«ስትገዛ ነው ስትሸጥ?»

«ስገዛም ስሸጥም።»

«ደላላው ማነው?»

«ደላላ የለውም። ያልተማከለ ነው።»

«ታዲያ ያቺን 0.1 ማን በላት?»

ቤቱ ፈረሰ። ሳቁ ጋብ ሲል እኔ ገባሁ፤ እዚህ ላይ ዝም ማለት ስላልቻልኩ። ልጁ የሚያውቃት ያቺ 0.1 በመቶ በትልልቆቹ መገበያያዎች፣ በነባይናንስ፣ በግልጽ የተጻፈች ናት። ገንዘቡ የሚሸሸው ግን ከእሷ ፊትና ከእሷ ኋላ ነው። ዩኤስዲቲ ከግለሰብ ሲገዛ ብሩ በቴሌብር ወይም በባንክ ይሄዳል። ሻጩ ሲሸጥልህ የሚጠራውና መልሶ ካንተ ሲገዛ የሚጠራው ዋጋ ለየቅል ነው። ልዩነቱን ማንም ኮሚሽን ብሎ አይጠራውም፤ ስለዚህ ልጁ አይቆጥረውም። ከዚያ ወደ ራሱ ዋሌት፣ ማለትም ወደ ክሪፕቶ ቦርሳው፣ ለማሻገር ሲል መገበያያው ትሮን በተባለው መስመር አንድ ዶላር ገደማ ይቆርጣል። የሚቆረጠው በገንዘቡ ልክ አይደለም፤ ቁርጥ ነው። 1,000 ዶላር ለሚያሻግር ሰው ስሙም አይነሳ። 5 ዶላር ለሚያሻግር ከመቶ 20 ሄደ ማለት ነው። የኛ ልጅ የሚያሻግረው ደግሞ 5 ነው።

«በቢትኮይኑ በራሱ መስመርስ ብትልከው?» አሉ ጋሼ።

«እሱ እንደ ወረፋው ነው» አለ መምህሩ። «ሚያዝያ 12 ቀን 2016፣ የማሽኖቹ ሽልማት በግማሽ የተቀነሰ ዕለት፣ አንዱን ዝውውር ለማሳለፍ በአማካይ ከ100 ዶላር በላይ ተከፍሏል።»

«ዕቃው ምን ያህል ቢከብድ ነው?»

«ክብደት የለውም ጋሼ።»

«ክብደት ለሌለው ዕቃ መቶ ዶላር! ስንት በቅሎ አለኝ መሰለህ ሥራ ፈታ የቆመች።»

ገንዘብ በመንገድ ላይ መልኩ ሲለዋወጥ ለዚህ አገር ብርቅ አይደለም። ከዚህ ቁልቁል አልዩ አምባ ገበያ ላይ አሞሌ ጨው ገንዘብ ሆኖ ኖሯል። ከአፋር በረሃ በግመል ተነስቶ፣ በየኬላው እየተቀረጠ፣ ከማዕድኑ በራቀ ቁጥር እየተወደደ ይመጣል። ጠርዙ ከተሸረፈ ዋጋው ይወርዳል፤ ዝናብ ካገኘው ይሟሟል። ማርትሬዛም ነበረች። እንደ ፈረንጆች የ1780 ቀን ተጽፎባት፣ ቀኗ ሳይለወጥ ስትታተም የኖረች፣ የንግሥት ምስል ያለባት ብር። ገበሬው እንዲያው አይቀበላትም። ከዘውዷና ከትከሻዋ ጌጥ ላይ ያሉትን እንክብሎች ይመረምራል፤ አንዱ ከደበዘዘ ይመልሳታል። ከዚሁ ከአንኮበር የተነሱት ምኒልክ በፓሪስ ያስመቱትን የራሳቸውን ብር አውጥተው እንኳ ይህችን ሴትዮ ከገበያ ማስወጣት ተስኗቸዋል።

ያ ፊደል ያልቆጠረ ባላገር እንክብል ይቆጥር ነበር። የኛ ባለ ዲግሪ የትሮን አድራሻ ሲገለብጥ መጀመሪያውን ሦስት መጨረሻውን ሦስት ያይና ይልካል። አድራሻው 34 ፊደልና ቁጥር ነው። ሌባው ይህን ያውቃል፤ መነሻና መድረሻው ካንተ ደንበኛ ጋር የሚመሳሰል አድራሻ ሠርቶ ኢምንት ገንዘብ ይልክልሃል። በነገታው ከታሪክ መዝገብህ ላይ የምትቀዳው የሱን ነው።

«እኔን አይነካኝም» አለ ልጁ። «ቀዝቃዛ ዋሌት ነው ያለኝ።»

«ከጎረቤላ የሚቀዘቅዝ?» አሉ እትዬ፤ ምላሳቸው ተመለሰ ማለት ነው።

«ቁልፉ ኢንተርኔት አይነካውም ማለቴ ነው እትዬ።»

መምህሩ ጉሮሮውን ጠረገ። ይህ ሰው ጉሮሮውን ከጠረገ ቀን ሊጠራ ነው። «የካቲት 14 ቀን 2017 ባይቢት ከተባለው መገበያያ 1.5 ቢሊዮን ዶላር የተዘረፈው ከቀዝቃዛ ዋሌት ነው። ያጸደቁት ሰዎች ስክሪኑ ላይ ያዩትና የፈረሙበት ለየቅል ነበር። የአሜሪካው ኤፍቢአይ ሌቦቹ የሰሜን ኮሪያ ናቸው ብሏል።»

«ሳያነቡ ፈረሙ በለኛ» አሉ ጋሼ። «ይሄንንማ እኛም በብድር ወረቀት እናውቀዋለን። ኮሪያ ድረስ ምን አስኬደህ?»

መምሬ እስካሁን ጠላቸውን ይዘው ነበር። ዋሌቱ በ12 ቃላት እንደሚከፈት ሲሰሙ ብርጭቆውን አስቀመጡ።

«12 ብቻ?»

«12 የእንግሊዝኛ ቃል ነው መምሬ። 2,048 ቃል ካለበት መዝገብ ተመርጦ የሚሰጥ። ዋሌቱ ቢሰበር፣ ቢጠፋ፣ ቃላቱ ካሉ ገንዘቡ አለ። ቃላቱ ከጠፉ ግን ማንም አይመልሰውም።»

«እኔ 150 መዝሙር በቃሌ ይዣለሁ። በል አንብበውና ልያዝልህ።»

«ኧረ መምሬ! ለሰው አይነገርም!»

«ጎሽ። ስታወራ ስሰማህ ለሰው የማይነገር ነገር ያለህ አልመሰለኝም ነበር። ታዲያ የት አስቀመጥከው?»

ልጁ አንገቱን አከከ። «ፎቶ አንስቼ ቴሌግራም ላይ ለራሴ ልኬዋለሁ።»

«መብራት ሲጠፋ ስልክህን ቻርጅ የምታደርገው የት ነው?»

«ባለ ጄኔሬተሩ ሱቅ።»

«ትተኸው ነው የምትሄድ?»

«ሲሞላ እመለሳለሁ።»

«መክፈቻ ቁጥርህስ?»

«እሱ ያውቀዋል፤ አንዳንዴ ዘፈን ይጭንልኛል።»

«በል እንግዲህ ባለ ሱቁን በጸሎት አስበው» አሉ መምሬ፤ ጠላቸውንም አነሱ።

እዚህ ላይ ልጁ ሲናደድ አየሁ። «ባንክስ አይሳሳትም?» አለ። ይሳሳታል። መጋቢት 2016 ላይ የንግድ ባንክ ሥርዓት በአንድ ሌሊት ተዛብቶ ሰው ከሌለው ሒሳብ ብር ሲያወጣ አደረ፤ ባንኩ ራሱ ያለአግባብ የወጣው 801 ሚሊዮን ብር ነው ብሏል። መምህሩ ይህን ሁሉ ተናገረ። እትዬ ግን የሚጠብቁት ቀጣዩን ነበር።

«ከዚያስ ምን አደረገ?»

«ያልመለሱትን ስማቸውንና ፎቷቸውን ለጠፈ።»

«ብሩስ?»

«አብዛኛው ተመለሰ።»

እትዬ ወደ ልጁ ዞሩ። «አንተን ቢሰርቁህስ፣ የሌባው ስም ማን ይባላል?»

«ስም የለውም። በቲ የሚጀምር አድራሻ ነው።»

«ፎቶስ?»

«የለውም።»

«እንግዲህ ጣቢያ ሂድና በቲ የሚጀምር ሰው ሰረቀኝ በል። ምን ሰረቀህ ሲሉህ ደግሞ ብሔራዊ ባንክ የከለከለውን ነገር ነው ትላቸዋለህ። ሌባው እስኪያዝ አንተን ያቆዩሃል።»

ለዚህ መልስ አልነበረውም፤ እኔም የለኝም። ሰው በዋጋው ይወጣል ይወርዳል ሲከራከር ይውላል። እኔን የሚያሳስበኝ ዋጋው አይደለም፤ አቤት የሚባልበት ደጃፍ አለመኖሩ ነው። የልጁ ንዴት ግን በረደ። ፎቶውን ዛሬውኑ አጠፋዋለሁ፣ ቃላቱን ወረቀት ላይ እጽፋለሁ አለ። ጋሼ፣ ወረቀቱን አይጥ እንዳይበላው ሲሉት፣ «አይጧ እንግሊዝኛ ከቻለች ትውሰደው» ብሎ መለሰላቸው።

ተነሳ፤ ኪሱን ዳበሰ፤ ጥሬ ብር የለውም።

«እትዬ፣ ሒሳቡን በቴሌብር ልላክ?»

«ላክ። ቁጥሬን ግን እስከ መጨረሻዋ አንብበህ ላክ።»