የሶፋው ባለቤት ማን ነው?

ይድረስ ለውድ ጋሼ፤ አዲስ አበባ፣ ልደታ።

የላኩት መልእክት ደርሶኛል። ከአገር ቤት ዶላር ሳይሆን አስተያየት ሲጠየቅ ብርቅ ነውና፣ «ከፊልም የምትወደውንና የምትጠላውን ጽፈህ ላክ፤ እዚህ ከጎረቤት ጋር ተከራክረን አልተስማማንም» የሚለውን ትእዛዝ በደስታ ተቀብያለሁ። አስተያየት የመላኪያ ክፍያ የለበትም፤ ምንዛሪውም ባንክ ሌላ፣ ውጭ ሌላ አይደለም። ስለዚህ ሳልሰስት እልካለሁ።

ነገሩን በአጭሩ ልበልና ከዚያ እንሟገታለን። የምወዳቸው ፊልሞች የት እንደቆሙ የሚያውቁት ናቸው፤ አገሩን፣ ሰፈሩን፣ ደጁን፣ አፈሩን። የምጠላቸው ደግሞ ሶፋ ላይ ተጀምረው ሶፋ ላይ የሚያልቁት ናቸው። እርስዎም ያውቋቸዋል፦ ጥግ የያዘ ትልቅ ነጭ ሶፋ፣ የመስታወት ጠረጴዛ፣ ላዩ ላይ የፕላስቲክ አበባ፣ ከጀርባ ወደ ፎቅ የሚወጣ ደረጃ። ልጅቷ እያለቀሰች በደረጃው ትወጣለች፤ ልጁ «ቆይ ላስረዳሽ» እያለ ይከተላታል፤ አባትየው ጋዜጣ ይዞ ይቆጣል። ቤቱ የማን እንደሆነ፣ ቤተሰቡ ምን ሠርቶ እንደሚበላ፣ የቤት ሠራተኛዋ ከየት እንደመጣች፣ መብራቱ ለምን አንድ ቀን እንኳ እንደማይጠፋ የሚነግረን የለም። የመጀመሪያው የአገራችን ረጅም ልብ ወለድ ፊልም በ1957 ዓ.ም. ሲወጣ ርእሱ «ሂሩት አባቷ ማን ነው?» ነበር። ለኋለኞቹ ፊልሞች የሚቀርበው ጥያቄ ደግሞ ሶፋው ባለቤቱ ማን ነው የሚል ነው። መልሱም፣ አብዛኛውን ጊዜ፣ የፕሮዲውሰሩ ወዳጅ ነው።

ማስረጃ ይሻሉና ወደ ማስረጃው ልለፍ። የኃይሌ ገሪማን «ምርት 3000 ዓመት» ይውሰዱ። ጥቁርና ነጭ ነው፤ ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጃል፤ በአብዮቱ ግርግር መሃል የተቀረጸ ነው። ባላባቱ ተቀምጦ ያዛል፣ ይቆጣል፤ ገበሬው ያርሳል፤ ልጆቹ ከብት ይጠብቃሉ፤ ካሜራውም እንደ እነሱ አይቸኩልም። መሃል ላይ ቢያንቀላፉ አልፈርድብዎትም። ሲነቁ ገበሬው አሁንም እያረሰ ያገኙታል፤ ፊልሙ ሊል የፈለገውም ይህንኑ ነው፣ ርእሱ ላይ ሦስት ሺህ ዓመት ብሎ የለ? ከዚያ «ጤዛ» አለ። አንበርብር ጀርመን አገር ሕክምና ተምሮ፣ አንድ እግሩን አጥቶ፣ ጣና ዳር ወዳለው የእናቱ መንደር ይመለሳል፤ የመንደሩ ጎረምሶች ደግሞ ለጦርነት እንዳይታፈሱ ዋሻ ውስጥ ተደብቀዋል። ያ ዋሻና ያ ሐይቅ ባይኖሩ ታሪኩ አይኖርም። ፊልሙን ከመንደሩ ነቅለው ቦሌ ቪላ ውስጥ ይክተቱት፤ የሚቀርልዎ አንድ የተከፋ ሐኪም ብቻ ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. ቬኒስ ላይ የዳኞችን ልዩ ሽልማትና የድርሰት ሽልማት፣ በዓመቱ ዋጋዱጉ ላይ ትልቁን ሽልማት ሲወስድ፣ ጣና ምን እንደሆነ የማያውቅ ዳኛ ጭምር ነው የሸለመው። ቦታውን አብጠርጥሮ የሚያውቅ ፊልም ለማያውቀውም ይገባዋል ማለት ነው።

ሶፋው ከየት እንደመጣ መርሳት ግን ፍትሕ አይደለም። በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ የቪዲዮ ካሜራ ሲረክስና እንደ ቴዎድሮስ ተሾመ «ቀዝቃዛ ወላፈን» ያሉ ሥራዎች አዳራሽ ሲሞሉ፣ ፊልም መሥራት የመንግሥትና የፈረንጅ ጉዳይ መሆኑ ቀረ። ያ ትልቅ ነገር ነው። «ቀዝቃዛ ወላፈን» ራሱ የተነሣው በየቤቱ ከገባው ከኤች አይ ቪ ነበርና የት እንደቆመ ያውቅ ነበር። ቆይቶ እነ «የወንዶች ጉዳይ» ሳቅና ፍቅር ትኬት እንደሚሸጡ ሲያሳዩ፣ ገንዘብ ያለው ሁሉ ፕሮዲውሰር ሆነ። ለፕሮዲውሰር ደግሞ ቪላ ገነት ነው፦ አጥር አለው፣ የታክሲ ረዳት አይጮህበትም፣ ፈቃድ ጠያቂ አይመጣበትም፣ ሕዝብ ከቦ ካሜራ ውስጥ እያየ አይስቅበትም፣ መኝታ ቤቱ በማግስቱ የሆስፒታል ክፍል ይሆናል። እኔ የምከሰው ቪላውን አይደለም። የምከሰው ከሎኬሽን እጥረት የመጣውን ነገር ውበት ነው ብሎ ማመንን ነው።

ጉዳቱም የሚታየው ፊልሙ ከቪላው የወጣ ለት ነው፤ መውጣት ሲገባው የት መሄድ እንዳለበት አያውቅም። ችሎቱን ብቻ እንይ፣ መቼም ለልደታ ሰው ስለ ፍርድ ቤት አይነገርም። በፊልም ችሎት ዳኛው ጠረጴዛውን በመዶሻ ይደበድባል፤ ጠበቃው እየተንጎራደደ ይደነፋል፤ ያልተጠበቀ ምስክር በር ከፍቶ ይገባል፤ ፍርዱ በዚያው ጀንበር ይሰጣል። እናቶች ያለቅሳሉ፤ ሙዚቃ። ይህ ችሎት የመጣው ከአሜሪካ ፊልም ነው፤ የጎደለው በአገራችን ሕግ የሌለው ጁሪ ብቻ ነው። የእናንተ ሰፈር ፍርድ ቤት ደጃፍ ግን ጥላ ዘርግቶ ማመልከቻ የሚጽፍ ሰው አለ፤ ባለጉዳዩ እየተናደደ የሚያወራውን እሱ «በታላቅ ትሕትና» ብሎ ይጽፈዋል። ፎቶ ኮፒ ቤት አለ። ግድግዳ ላይ በተለጠፈ ወረቀት የመዝገብ ቁጥሩን በጣቱ የሚፈልግ ሽማግሌ አለ። ከሁሉም በላይ ተለዋጭ ቀጠሮ አለ። በአንድ መሬት የሚካሰሱ ሁለት ወንድማማቾች ጠዋት በአንድ ታክሲ መጥተው፣ ኮሪደር ላይ ሳይነጋገሩ ግማሽ ቀን ተቀምጠው፣ «ለሌላ ቀን» ተብለው በዚያው ታክሲ ቢመለሱ፣ እሱ ብቻውን ሙሉ ፊልም ነው፤ አስቂኝም አሳዛኝም። መዶሻ አያስፈልገውም።

ሁለተኛው ማስረጃ እኔው ነኝ፤ ማለትም «ዲያስፖራው»። በሶፋ ፊልም ውስጥ እኛ የምንታወቀው ማታም በማይወልቅ ጥቁር መነጽር ነው። ቦሌ እንወርዳለን፣ ግማሽ እንግሊዝኛ እንናገራለን፣ ሦስት ቀን ሳይሞላን ቤት ገዝተን ሚስት እንመርጣለን። ሰውየው ከየትኛው ከተማ መጣ? ምን ይሠራል? ፊልሙ አያውቅም፤ «ከአሜሪካ» ብሎ ይገላገላል። በዋሽንግተንና በዙሪያዋ ስንቱ የአገራችን ሰው ታክሲ እየነዳ፣ የመኪና ማቆሚያ እየጠበቀ፣ ሽማግሌ እያስታመመ፣ አንዱን ሥራ ጨርሶ ወደ ሁለተኛው እንደሚሮጥ ዘመድ ወዳጁ ሁሉ ቢያይ፣ «ገንዘብ ላክ» የሚለው የስልክ ጥሪ በግማሽ ይቀንስ ነበር። እንዲህ ያለውን ፊልም የምጠላው በጥበብ ምክንያት ብቻ ነው ብል ዋሸህ ይሉኛል። ኪሴም ይጠላዋል።

አሁን እርስዎና ጎረቤትዎ የምትሉት ይሰማኛል። አንደኛው፦ «ገንዘብ የለም፤ ድሃ ፊልም ሠሪ የት ይሂድ?» መልሴ፦ ደጅ ይውጣ። ኃይሌ «ምርት 3000 ዓመት»ን የቀረጸው ተማሪ ሳለ፣ በዕረፍት ጊዜው፣ በሁለት ሳምንት፣ በ16 ሚሊ ሜትር ካሜራ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግስት ጣልያኖች ያጡ የነጡ ሳሉ ቪቶሪዮ ዴ ሲካ በ1948 እ.ኤ.አ. «የብስክሌት ሌቦች»ን የሠራው ሮም ጎዳና ላይ ነው፤ ዋናው ተዋናይም የፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። እነሱን ችግር ወደ መንገድ አወጣቸው፤ እኛን ችግር ወደ ሀብታም ሳሎን አስገባን። ይህ የገንዘብ ሒሳብ አይደለም፣ የፍርሃት እንጂ። አከፋፋይ አጣን የሚሉም ካሉ፣ ያው ኃይሌ «ሳንኮፋ» የተባለውን ፊልሙን የሚያከፋፍልለት ሲያጣ አዳራሽ እየተከራየ ራሱ ማሳየቱን ይንገሩልኝ።

ሁለተኛው ክርክር የእርስዎ ነው፣ ከበድም ይላል፦ «ልጄ፣ ቀኑን ሙሉ የማየው የፈረሰ መንገድና የውሃ ወረፋ ነው፤ ፊልም ቤት ገብቼ ደግሞ እሱኑ ላይ?» እውነት አለዎት። ሰው ከፍሎ የሚገባው ትንሽ ሊያልም ነው። ግን በሲኒማ ራስ የህንድ ፊልም እያየ መሃረቡን ያራሰው ትውልድ የእርስዎ አይደለም እንዴ? የህንዱ መንደር ጭቃ ከእኛ ጭቃ ያነሰ ነበር? ሕልሙ የተሸጠው ከነጭቃው ነበር። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ደግሞ ስንት እናቶች የቱርክን ድራማ ሲከተሉ ከረሙ። «ይኸው፣ እነሱም ቪላና ሶፋ ነው!» ይሉኝ ይሆናል። ቪላስ አለ፤ ግን መስኮቱ ሲከፈት ባሕሩ ይታያል፣ ጀልባው ይታያል፣ የኢስታንቡል ድልድይ ይታያል። ዛሬ ቡና የምታፈላ የሰፈራችን ሴት ኢስታንቡልን እንደ ጎረቤት ቀበሌ ታውቃለች። የኢስታንቡል እናት የእኛን ቪላ ፊልም ብታይ ስለ አዲስ አበባ ምን ትማራለች? መጋረጃ እንደምንወድ።

ሦስተኛውን ክርክር ግማሹን እቀበላለሁ። «እነዚያ የምትወዳቸው ፊልሞች ለፈረንጅ የተሠሩ ናቸው፤ ጎጆና ረሀብ አሳይተው ይሸለማሉ።» እንዲህ ያለ ፊልም አለ። ጎጆን ዝም ብሎ ማሳየት ግን ቦታን ማወቅ አይደለም፤ ጎጆውም ከጌጥ ካላለፈ ያው ሳር ክዳን ያለው ሶፋ ነው። በዚህ ሚዛን የያሬድ ዘለቀን «ላምብ» ብንመዝነው ያልፋል። በ2015 እ.ኤ.አ. ከአገራችን ፊልሞች የመጀመሪያው ሆኖ በካን የፊልም ፌስቲቫል ይፋ መርሐ ግብር ስለታየ አይደለም። እናቱን በድርቅ ያጣው ኤፍሬም ዘመድ ቤት ተጥሎ፣ ለበዓል ልትታረድ የታሰበች በጉን ለማትረፍ ሳምቡሳ ጠብሶ ገበያ ይሸጣል፤ ወንድ ልጅ ምድጃ ሥር ምን ይሠራል እየተባለም ይዘለፋል። ይህን ዘለፋ ያለአስተርጓሚ የሚሰማው ፈረንጅ ሳይሆን የእኛ ሰው ነው። «ድፍረት» የተባለውን ፊልም ችሎትና ጠለፋም ከዚያው እቆጥራለሁ፤ ምንም እንኳ በ2014 እ.ኤ.አ. የአዲስ አበባ ምረቃው በፍርድ ቤት ትእዛዝ ቢቆምና ተመልካች ወደ ቤቱ ቢመለስም።

የቀረው ክርክር እኔን የሚነካው ነው። «አንተ ናፍቆህ ነው፤ የራቀ ሰው ድንጋዩም ያምረዋል፤ እኛ የምንኖርበትን ምን ብለን እናየዋለን?» ናፍቆት እንዳለበት አልክድም። ነገር ግን ጋሼ፣ እርስዎስ የሚኖሩበት ልደታ የትኛው ነው? ቦሌ ሳይሠራ አውሮፕላን የሚያርፈው እናንተ ጋ ነበር፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የተነሣው ከልደታ ሜዳ ነው፤ በየፊልሙ ፍቅረኛሞች የሚላቀሱበት ኤርፖርት ያኔ የእናንተ ጓሮ ነበር። የቆርቆሮ ጣራው፣ የጋራ ግቢው፣ ጠባቡ መተላለፊያ በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ፈርሶ ኮንዶሚኒየም ቆመበት። በዚያው ዘመን፣ ከዚያው ከተማ፣ ፊልም በላይ በላዩ ይወጣ ነበር። ካሜራው ሁሉ የት ነበር? ቪላ ውስጥ፣ መጋረጃው ተዘግቶ። ሰፈሩ ሲፈርስ የሚናፍቀው ሩቅ ያለው ብቻ አይደለም፤ አራተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጦ የድሮ ደጁ ከየትኛው ብሎክ ሥር እንደቀረ የሚገምት ሰውም ይናፍቀዋል።

ስለዚህ አንድ ነገር ልለምንዎ። ቡና ሲጠጣ ጎረቤቶችዎን ይጠይቁልኝ፦ የድሮው ልደታ ሳይፈርስ በደንብ የሚታይበት የአማርኛ ፊልም የሚያውቅ ካለ ስሙን ይላኩልኝ፤ የቱንም ያህል መጥፎ ቢሆን ከምወዳቸው ተርታ አስገባዋለሁ። የሚያውቅ ከጠፋ ደግሞ ለብሎኩ ልጆች ይንገሩልኝ፤ ሁሉም ስልክ ይዟል፤ ግንቦት 1 ቀን፣ ለልደታ፣ ንፍሮው ደጅ ተጥዶ ሴቶቹ እልል ሲሉ ወጥተው ይቅረጹ። ፈቃድ ከጠየቃቸው ሰው ጋር ይሟገቱላቸው፤ በክርክር እንደማይሸነፉ አውቃለሁ።

አክባሪዎ የወንድምዎ ልጅ፣
ከዋሽንግተን