ርዝመቱን ተውና የሚመታውን ንገረኝ

«አፈሙዙ ረጅም ካልሆነ ምኑን ሽጉጥ ሆነ?» ይላል፣ ከዳላስ እየተነሳ አገር ምድሩን በጭነት መኪና የሚያዳርሰው ወዳጄ። እንዲህ ብሎ ለሚጀምር ሰው መልሴ አጭር ነው፦ በረጅሙ የሳተም ስቷል፤ ወረቀቱ ርዝመትህን አይጠይቅም።

እኛ ዘንድ የሲንግል አክሽን ክርክር ሁሌም ከጭራው ይጀመራል። መጀመሪያ የአፈሙዙ ርዝመት፣ ቀጥሎ የጥይቱ ውፍረት፣ ማነጣጠሪያው ደግሞ ትዝ ካለ። እኔ ግልባጩን ነው የምለው፤ ማነጣጠሪያውን አስቀድም፣ ጥይቱን አስከትል፣ ርዝመቱ መጨረሻ ይምጣ። ምክንያቱን እነግራችኋለሁ፣ የሚከራከርም ይምጣ።

የምናወራው መዶሻውን በአውራ ጣት ወደ ኋላ ካልሳቡት በቀር ምላጩ ምንም ስለማይሠራው ባለ ስድስት ጎራሽ ነው። ኮልት በ1873 ለአሜሪካ ጦር የሠራው የዘሩ አባት ነው። ሩገር በ1955 ያወጣው ብላክሆክ ደግሞ ያንኑ መልክ ይዞ በጠንካራ ብረትና በተስተካካይ ማነጣጠሪያ መጣ። ገበያ ላይ ያለው ምርጫ በአመዛኙ የነዚህ የሁለቱ ዘር ነው።

«የጥንቱ ኮልት ማነጣጠሪያው ንቅንቅ አይልም፤ ጦር ሠራዊት ግን ታጥቆታል» አለኝ ወዳጄ።

«ጦሩ የታጠቀው ፈረስ ላይ ሆኖ ቅርብ ያለ ሰው ሊተኩስበት ነው። አንተ 25 ሜትር ላይ የተሰቀለ ወረቀት ልትበሳ ነው። ፈረስህ የታለ?»

ያን ማነጣጠሪያ ቀረብ ብላችሁ እዩት። የኋላው ራሱን የቻለ ዕቃ አይደለም፤ ከጥይት ከበሮው በላይ ባለው ብረት ላይ የተቦረቦረች ቀጭን ቦይ ናት። የፊተኛው አፈሙዙ ጫፍ ላይ የቆመ የብረት ክንፍ ነው። ጥይቱ ዝቅ ብሎ ከመታ የፊተኛው ክንፍ ጫፉ በሞረድ ይሞረዳል፤ ክንፉ ሲያጥር ምቱ ከፍ ይላል። ከፍ ብሎ ከመታ ግን ችግር ነው፤ የተሞረደ ብረት አይመለስም፣ መበየድ ወይም ክንፉን መለወጥ ይመጣል። ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ከሄደ ደግሞ ባለሙያው አፈሙዙን ሞርሳ ላይ አስሮ በጥቂቱ ማዞር አለበት። ተስተካካዩ ላይ ይህ ሁሉ የትንሽ ካቻቢቴ ሥራ ነው። ምቱ ወደ ቀኝ እንዲሄድ ከፈለግህ የኋላውን ወደ ቀኝ፣ ከፍ እንዲል ከፈለግህ ወደ ላይ፤ አለቀ።

ነገሩ ከጥይት ጋር የሚተሳሰረውም እዚህ ላይ ነው። ቀላልና ፈጣን አረር፣ ሽጉጡ በእርግጫው ቀና ሳይል ቶሎ ስለሚወጣ አብዛኛውን ጊዜ ዝቅ ብሎ ይመታል። ከባዱና ዘገምተኛው ከፍ ይላል። ስለዚህ የማይነቃነቅ ማነጣጠሪያ ያለው ሽጉጥ ልኩ ለአንድ ዓይነት ጥይት ነው። ዛሬ ርካሹን፣ ነገ ኃይለኛውን እያጎረስክ «ይሄ ሽጉጥ ይዋሻል» አትበል። ሽጉጡ ቃሉን አልለወጠም፤ ጥይቱን የለወጥከው አንተ ነህ።

አንድ የማከብራቸው አባት፣ አገር ቤት ቤልጅግ ይዘው ያደጉ፣ በዚህ ጉዳይ ያዙኝ። «የኔ ልጅ፣ እኔ በዚያች ክፍተት አነጣጥሬ ስንቱን ጥያለሁ። ዓይኔም ገና ነው።»

«ዓይንዎስ ደኅና ነው ጋሼ፤ ጥፋቱ የብረቷ ነው። ጥቁር ክንፍ በጥቁር ቦይ ውስጥ ማን ለይቶ ያያል? ቤልጅጉ ደግሞ ሁለት ክንድ የሚሞላ ነበር፤ ይቺ ስንዝር አትሞላም።»

ሳቁና ሰፊ የኋላ ክፍተት ያለውን፣ የፊቱ ላይ ቀለም የተቀባውን አነሡ። እኔም የምመክረው ይህንኑ ነው። ዕድሜ ከአርባ ሲያልፍ መጀመሪያ የሚደበዝዘው ቅርብ ያለው ነገር ነው፣ የኋላው ማነጣጠሪያ ደግሞ ለዓይን ቅርቡ ነው። ስለዚህ ክፍተቱ ሰፋ ያለ፣ ጠርዙ የተሳለ፣ ከፊተኛው ግራና ቀኝ ብርሃን የሚያሳይ ይሁን።

የማይነቃነቀውን እንዲያው አላጣጥለውም። ካውቦይ መስሎ ለብሶ ቅርብ የተተከለ ብረት በፍጥነት እየመታ ለሚወዳደር ሰው ትክክለኛው እሱ ነው። ከማህደሩ ሲወጣ የሚያያዝ የለውም፣ ቢወድቅ የሚሰበር የለውም። ሩገር ቫኬሮን በ1993 ያወጣው ለነዚህ ሰዎች ነው። አንድ ጥይት መርጦ እስከ መጨረሻው ለሚጸና ሰው ይሁን እላለሁ።

ወደ ጥይቱ ስንመጣ ወዳጄ ደረቱን ነፋ። «.44 ማግነም እገዛለሁ። ድብ ቢመጣስ?»

«ዳላስ ድብ ፍለጋ? አንተን እዚህ የሚያሰጋህ ድብ ሳይሆን አውራ ጎዳናው ነው።»

«የዱር አሳማ አለ፤ ቴክሳስ ሞልቶታል።»

«አሳማውስ እውነት ነው። ግን ለማታበስለው ሥጋ በየሳምንቱ እጅህን ማስረገጥ ምን አመጣው?»

.44 ማግነም ከ1956 ጀምሮ ገበያ ላይ ያለ፣ ለአደን የታመነ ጥይት ነው። ለመለማመጃ ግን ክፉ አስተማሪ ነው። ጩኸቱና እርግጫው ጀማሪውን ምላጩን ከመሳቡ በፊት ዓይኑን ያስጨፍነዋል፤ ያ ልማድ አንዴ ከገባ ለማውጣት ወራት ይፈጃል። የግድ እሱን ካላችሁ .44 ስፔሻል እዚያው ቀዳዳ ውስጥ ስለሚገባ በእሱ ጀምሩ።

እኔ ለአብዛኛው ሰው የምለው .357 ማግነም ነው። ጥይቱ በ1935 የወጣ ሲሆን የተወለደው ከ.38 ስፔሻል ነው፤ ቀለሁ ትንሽ ረዘመ እንጂ ውፍረቱ አንድ ነው። ስለዚህ ባለ .357 ሽጉጥ የዋሁንም ኃይለኛውንም ይጎርሳል፤ ባለ .38 ግን .357ን አይቀበልም። አንድ ጥንቃቄ አለ፤ .38 ብዙ ስትተኩሱ በቀዳዳው ውስጥ፣ አጭሩ ቀለህ ያበቃበት ቦታ ላይ የጥላሸት ቀለበት ይሠራል። በብሩሽ ሳታጸዱ ረጅሙን ብትጨምሩ አልገባም ብሎ ይታገላችኋል።

ሌሊት ሆስፒታል ስትሠራ የምታድረው እህታችን «ለኔማ ትንሿ .22 ትበቃኛለች፤ ትስቁብኝ እንደሆነ ሳቁ» ብላ መጣች።

«ማን ይስቃል? በአንዱ ውድ ጥይት ዋጋ ብዙ ጊዜ ትተኩሻለሽ፤ ዓመቱ ሲያልቅ ጉድ የሚባለው የሳቀው ሰው ነው።»

እውነቴን ነው። የሩገር ሲንግል ሲክስ ከ1953 ጀምሮ ያለ የ.22 ሽጉጥ ነው፤ መዶሻ መሳቡም፣ አያያዙም ከትልቁ ጋር አንድ ነው። እጅ በእሱ ይታረማል።

ወዳጄ አላረፈም። «ጄኔራል ፓተን የታጠቀው .45 ነበር፤ እጀታው የዝሆን ጥርስ።»

አዎ፣ በ1916 የገዛው .45 ኮልት ነው፣ አፈሙዙም አጭሩ 4¾ ኢንች። ግን ይኸው ፓተን በ1912 ስቶክሆልም ኦሎምፒክ ላይ በዘመናዊ ፔንታትሎን ሲወዳደር፣ አብዛኛው ሰው .22 ይዞ ሳለ እሱ .38 ይዞ ቀረበ። በጠቅላላው 5ኛ ወጣ፤ ወደ ኋላ የጎተተው ተኩሱ ነው። ትልቅ ቀዳዳ የምትወዱ ይህንን ያዙልኝ።

.45 ኮልት መጥፎ ጥይት አይደለም፤ ገራም፣ ከባድና ለስላሳ ገፊ ነው። ሲገዙ ግን ሣጥኑን ያንብቡ። ለብላክሆክ ተብሎ በኃይል የተሞላው ጥይት በጥንቱ ኮልትና በቅጂዎቹ ውስጥ ከገባ ከበሮውን ሊሰነጥቅ ይችላል። የሁለቱ ጥይት ውፍረቱም ርዝመቱም አንድ ስለሆነ ሽጉጡ «አልገባም» ብሎ አያስጠነቅቃችሁም።

አሁን ርዝመት። ኮልት በሦስት ልክ ነው የታወቀው፤ 4¾፣ 5½ እና 7½ ኢንች። ረጅሙ የሚጠቅመው በዋናነት ሁለቱ ማነጣጠሪያዎች ስለሚራራቁ ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው። በመካከላቸው 16 ሳንቲ ሜትር ካለ፣ በአንድ ሚሊ ሜትር ብትስት 25 ሜትር ላይ ምቱ 16 ሳንቲ ሜትር ያህል ይርቃል። 23 ሳንቲ ሜትር ካለ ስሕተቱ 11 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ይሆናል። ረጅሙ ለማግነም ተጨማሪ ፍጥነትም ይሰጣል፤ አጭሩ ላይ ከባሩዱ ከፊሉ አየር ላይ በብልጭታና በጩኸት ያልቃል።

«አየህ! ረጅሙን አልኩህ እኮ» ብሎ ዘለለ።

«ዝለል፤ ግን ቀበቶህ ላይ አድርገህ ዝለል። መሪው ኋላ ስትቀመጥ 7½ ኢንቹ ወንበሩን ይወጋል ወይስ አንተን?»

«ጋቢና ውስጥ አስቀምጠዋለሁ።»

«ቴክሳስ የፈቀደልህን ኢሊኖይ ይፈቅድልሃል ያለህ ማን ነው? ጭነትህ የት እንደሚያደርስህ እያየህ ተናገር።»

እሱም አመነ፤ ለተኩስ ሜዳና ለእርሻ ቤት ብቻ ሊይዘው ተስማማ። ለዚህ 5½ ኢንች ይበቃል። አፍንጫው አይከብድም፣ ክንድ አያዝልም፣ ማነጣጠሪያዎቹም በቂ ርቀት አላቸው። ቆሞ ወረቀት ብቻ ለሚተኩስ ወይም አሳማ ለሚያድን 7½። ቀኑን ሙሉ ታጥቆ ለሚውል 4¾።

አንድ ጥያቄ ግን ሻጩ ፊት ሳታነሡ አትውጡ፤ የውስጡ አሠራር የቱ ነው? በጥንቱ አሠራር መዶሻው ጥይት ላይ ካረፈና ሽጉጡ ከወደቀ ሊተኩስ ይችላል። ለዚህ ነው አምስት ብቻ የሚጎርሰው፤ አንድ አጉርስ፣ አንድ ዝለል፣ አራት አጉርስ፣ መዶሻውን ባዶው ላይ አሳርፍ። ሩገር ከ1973 ወዲህ በሠራቸው ላይ ምላጩ ካልተሳበ ምቱን የማያስተላልፍ ብረት ስላለ ስድስቱም ይጎርሳል። ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ የየትኛው ዘመን ሥራ እንደሆነ ሳታጣሩ ገንዘብ አታውጡ።

«እሺ፣ ባለ .357፣ ባለ 5½፣ ተስተካካይ ማነጣጠሪያ ያለውን ገዛሁ እንበል» አለ ወዳጄ በመጨረሻ። «የተረፈችኝን ገንዘብስ? የዝሆን ጥርስ የሚመስል እጀታ አይቻለሁ።»

«ልጆች ቤትህ አሉ፤ ቁልፍ ያለው ሣጥን ግዛ። ለጆሮህ መሸፈኛ ግዛ። ከዚያ የተረፈውን ሁሉ .38 ጥይት ግዛበት። ቅዳሜ ጠዋት መጥቼ እወስድሃለሁ፤ ካቻቢቴዋን እኔ እይዛለሁ።»